የኮዳው ቀይ ክር

ከጀዊሪያ ጋር በአንድ አጥር ሃያ ዓመት ስንኖር በሃይማኖት አልተጣላንም፣ በልጅ አልተጣላንም፣ ዶሮዋ የጓሮ ጎመኔን ስትጨርሰው እንኳ አልተጣላንም። የተጣላነው በሚጠጣ ውሃ ነው። ሳቁ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ! እኔ የዓለምወርቅ ያልፈላ ውሃ በአፌ አይዞርም ባይ ነኝ። ባሌ ታረቀኝ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ምንጭ ጎንጨት ብሎ መጣ፣ በሦስተኛው ሳምንት በአንጀት ተስቦ ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ ድስቴ ካልተንተከተከ ውሃ የሚባል ነገር አላምንም።

ጀዊሪያ አዲሱ ገበያ ሱቅ ያለው የሙዘይን ሚስት ናት። አፏ እንደ በርበሬ ነው፣ ሆዷ ግን ማር። የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ክረምት ሲገባ የሻይ መልክ ይዞ ይወርዳል፤ እሷ እሱን በነጠላ አጥልላ፣ በወይራ ጢስ ባጠነችው እንስራ ገልብጣ፣ "በይ ጠጪ፣ መድኃኒት ነው" ትላለች።

"ጢስ ተውሳክ ይገድላል?" እላታለሁ። "አይኑን ያስለቅሰዋል እንጂ!"

"ያንቺው ይሻላል? የፈላ ውሃ እኮ ሬሳ ነው። ነፍሱን አውጥተሽ ምኑን ልትጠጪው? እናቴ በታጠነ እንስራ ዘጠኝ ልጅ አሳድጋለች ወላሂ!"

በዚህ መሀል ሙዘይን ከአገር ከሚወጣ አንድ ፈረንጅ የቤት ዕቃ ገዛና ከዕቃው ጋር የውሃ ማጣሪያ መጣ። ሁለት ፎቅ ያለው የሸክላ ነገር ነው። ከላይ ውሃ ትሞላለህ፣ መሀሉ ላይ ሻማ የሚሉት ነጭ ድፍን ሸክላ ቆሟል፤ ውሃው በሻማው አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ሱቅ ውስጥ ስድስት ወር ተቀመጠ፣ የሚገዛው ጠፋ። ጀዊሪያም "ከዚህ ውሃ እስኪወርድ ሰው በጥም ይሞታል" ብላ ለኔ ወረወረችልኝ። ለኔ ሳይሆን ለልጄ ለጉልላት ነው፤ እሱን እንደ ልጇ ነበር የምታየው።

ጉልላት አንድ ልጄ ነው። ዊንጌት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ሆዱ ግን ከአባቱ የወረሰው ሆድ ነው መሰለኝ ደካማ ነበር፤ ባለፈው ዓመት አሜባ ይዞት ወር ሙሉ ተኝቷል። ያከመው ሐኪም ሲያስወጣው ለብቻዬ ጠርቶ፣ "እናት፣ የዚህ ልጅ አንጀት ቆስሏል። ከእንግዲህ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ከጠጣ አልመልስልሽም" ብሎኛል። ይህቺ ቃል ጆሮዬ ላይ እንደ ጉትቻ ተንጠልጥላ ቀረች።

ልጄ የኔንና የጀዊሪያን ንትርክ ሲሰማ ኖሮ አንድ እሑድ፣ "ዛሬ በሳይንስ እንፈርድባችኋለን" አለ። ሦስት ጠርሙስ ደረደረ። በፈላው ውሃ ጠርሙስ አንገት ላይ ነጭ ክር አሰረ፣ በተጣራው ላይ ጥቁር፣ በታጠነው ላይ ቀይ። እኔንና ጀዊሪያን አይናችንን በሻሽ አስሮ አስቀመሰን። እኔ ነጩን መረጥኩ፣ እሷ ቀዩን። ሁለታችንም ሳናይ የየራሳችንን! እንዴት እንደሳቀብን። ከዚያ ራሱ ቀመሰ። ቀዩን ገና አፉ ሲያደርግ ሮጦ ደጅ ተፋውና፣ "እማዬ፣ ቤት ተቃጥሎ ያጠፉበት ውሃ ነው የሚመስለው!" አለ። ጀዊሪያ ጫማዋን አውልቃ ግቢውን ሁለቴ አዞረችው።

"አሸናፊው ይሄ ነው" ብሎ ጥቁሩን ክር ጫፉ ላይ አንዴ ቋጠረው። ጥብቅ ያለች፣ ትንሽ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚጠጣው የተጣራ ውሃ ሆነ፤ እኔ የፈላ ውሃ ሴትዮ ለልጄ ብዬ ሃይማኖቴን ለወጥኩ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያዙት። ወረቀት ተገኘበት አሉ። ምን ወረቀት? ማን ያውቃል። የዚያን ጊዜ ማን ማንን ይጠይቃል? ያለበትን ፈልጌ ፈልጌ በሦስተኛው ቀን ከፍተኛው ግቢ ውስጥ እንደታሰረ ሰማሁ። ማየት ክልክል ነው። ስንቅ ብቻ በቀን አንዴ ይቀበላሉ፣ እሱንም በሩ ላይ ቆመሽ፣ አብዮት ጥበቃው ፊት ቀምሰሽ። ወጡንም ትቀምሻለሽ፣ ውሃውንም ትቀምሻለሽ። ልጇን የምትመርዝ እናት የት እንዳዩ እንጃ!

እዚያ በር ላይ የምንሰለፍ እናቶች ወሬያችን አንድ ነው። አንዷ፣ "ውስጥ የሚጠጡት ከአንድ በርሚል ነው አሉ፣ ሁሉም በተቅማጥ አልቀዋል" አለች። ሌላዋ እናት ጥይት ትፈራለች፤ እኔ የፈራሁት በርሚሉን ነው። ጥይቱን እግዜር ያውቃል፣ ውሃው ግን የኔ ሥራ ነው አልኩ። ልጄን በውሃ አላስበላም ብዬ ማልኩ።

የታረቀኝን ኮዳ ከሣጥን አወጣሁ። የተጣራውን ውሃ ሞላሁበት፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አሰርኩበት፣ ቀመስኩ፣ ሰጠሁ። ከሰዓት ዕቃው ሲመለስ ኮዳው ባዶ ነው፤ ክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ያቺ የሽምብራ ፍሬ። አንድ ቋጠሮ! ገብቶታል ልጄ! እዚያው መንገድ ላይ ኮዳውን አቅፌ አነባሁ። ጀዊሪያ ጋ ሮጬ፣ "በሕይወት አለ! ሆዱም ደህና ነው!" አልኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ሄድን። ጠዋት ጥቁር ክር ይዤ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት አንድ ቋጠሮ ይዤ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ቋጠሮዋን በጥርሴ ፈትቼ ያንኑ ክር ለነገ አዘጋጃለሁ። ክር ምን ይሆናል? ክር ነው። ያቺ ክር ስትፈታ ስትቋጠር ለስልሳ ሐር መስላ ነበር።

በሁዳዴው መጨረሻ አካባቢ ጉዴ ፈላ። ሻማው በየሳምንቱ ተፈትጎ ይታጠባል፣ አለዚያ ይደፈናል። ስፈትገው ከእጄ አመለጠ። ድንጋይ ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጩኸቴን የሰማች ጀዊሪያ ሰው የሞተብኝ መስሏት በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ሙዘይን ፒያሳን፣ መርካቶን አሰሰ፤ የዚያ ዓይነት ሻማ የለም። እሺ ላፍላለት ብል ላምባ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ፣ ከሰልም የለ። ያለችን ጀዊሪያ ለእንስራዋ የቆጠበቻት አንዲት የወይራ ፍልጥ ናት። ውሃ ለማፍላት አትበቃም፣ እንስራ ለማጠን ግን ትበቃለች።

"በይ እንግዲህ" አለች ጀዊሪያ፣ ያን ቀን ሳትቀልድ። "ከበርሚሉ ይሻላል። በነጠላ አራት እጥፍ አጥልለን በታጠነው እናሳድረው። አላህ ይጨምርበት።"

ቀይ ክር አልነበረኝም። ከራሷ ሻርፕ ጫፍ መዘዘችልኝ። እያለቀስኩ አሰርኩት። "ልጄ ይቅር በለኝ፣ ይሄን ትተፋዋለህ፣ ግን ከበርሚሉ አትጠጣ" እያልኩ፣ ጢሱን እየቀመስኩ ሰጠሁ።

ከሰዓት ኮዳው ተመለሰ። ባዶ! ጠብታ የለበትም። ቀዩ ክር ላይ አየሁ፤ አንድ አይደለም፣ ሁለት ቋጠሮ! አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ ወፍራም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አብዮት ጥበቃው ራሱ፣ "ምን አገኘሽ እማማ?" አለኝ።

ጀዊሪያማ መሬት አልበቃት አለ። "አላልኩሽም? አላልኩሽም የዓለሜ? ሁለት ቋጠሮ እኮ ነው! ያንቺ የፈረንጅ ማጣሪያ አንድ ነበር ያገኘው!" ሰፈሩን ዞራ ነገረች። ለሙዘይን ነገረች፣ ሱቅ ለመጣ ሁሉ ነገረች። እኔም ከእሷ ጋር ሳቅኩ፤ ልጄ ከታሰረ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ማታ ብቻ ስተኛ፣ "ይሄ ልጅ ጢስ አይወድም ነበር እኮ" የምትል ነገር ወዲህ ወዲያ አለችብኝ። መልሼ ራሴን ተቆጣሁት። እስር ቤት ያልበላኸውን ያስበላል፣ ያልወደድከውን ያስወድዳል። ደግሞስ የሰፈር ሽታ ናፍቆት ይሆናል! አንቺ ሴትዮ ደስታ አይበረክትልሽም አልኩና ተኛሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቀይ ሆነ። ላምባ ሲገኝ አፍልቼ፣ ሳይገኝ አጥልዬ፣ በታጠነ እንስራ። በየቀኑም ሁለት ቋጠሮ። ጀዊሪያ ሻርፗን መዝዛ ልትጨርሰው ነው፣ ክሩን አልቆጥብም ብላ በየቀኑ አዲስ ትሰጠኛለች። እኔም የተቋጠሩትን መፍታት ተውኩ። ባለ ሁለት ቋጠሮ ማን ይፈታል? በአሮጌ የቅቤ ጣሳ ውስጥ ከሥዕለ ማርያም ሥር አጠራቅማቸው ጀመር። ሲከፋኝ ጣሳውን ከፍቼ እጄን እሰድበታለሁ። ልጄን የዳበስኩት ይመስለኛል።

በነሐሴ ሙዘይን ከየት አባቱ እንዳመጣው እንጃ፣ አዲስ ሻማ ይዞ መጣ። አመስግኜ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። "ልጄ ቀዩን መርጧል፣ ምን ያደርግልኛል" አልኩ።

መስከረም ገብቶ፣ አደይዋ ገና አጥሩ ሥር ብቅ ስትል፣ አመሻሹ ላይ አንድ ልጅ በሬ ላይ ቆመ። ጠጉሩ የተላጨ፣ ከንፈሩ የነጣ፣ ሸሚዙ በላዩ ላይ የተሰቀለ የሚመስል ከሲታ። "የጉልላት እናት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። "ቡሽራ እባላለሁ። ከሱ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። ዛሬ ከሰዓት ፈቱኝ።"

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፣ ብቻ አንገቱን ይዤ አስገባሁት። የመናገሪያ ፋታ የት ሰጠሁት! "ሆዱስ? ተቅማጥ ይዞት ያውቃል? ይበላል? ከስቷል? ከበርሚሉ ጠጥቶ ያውቃል?"

"በተቅማጥ አልታመመም እማማ" አለ መሬት መሬት እያየ። "አንድ ቀንም አልታመመም።"

"ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! አየህ፣ በውሃ ነው ያዳንኩት!" ብዬ ለነገ ያዘጋጀሁትን ኮዳ ከነቀይ ክሩ አቀበልኩት። "ጠጣ ልጄ፣ አንተም ውሃ ጠምቶሃል።"

ኮዳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሲቀርበው ጢሱ ሸተተው መሰለኝ አይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቅዱስ ነገር፣ ጠጣ። "የእናቴ ቤት ውሃ" አለ ለራሱ። ከዚያ ኮዳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ወደ በሩ እያየ፣ ሳያውቀው፣ ጣቶቹ ክሩን ያዙት። አንዴ ቋጠሩ። ደግመው በላዩ ላይ ቋጠሩ። ወፍራም፣ ድርብ ቋጠሮ።

ጣሳ ሙሉ ያለኝ ያ ቋጠሮ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉን ነገረኝ።

"ይሄን አንተ ነህ የምትቋጥረው?" አልኩት።

እጁን አየ። ክሩን ለቀቀው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀይ ክር ጀምሮ" አለ። "በዋዜማው ስሙን ጠሩት። ጫማውን ሊያደርግ ሲል ‘አያስፈልግህም’ አሉት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ‘ቡሽራ፣ ክሩን ቋጥርላት’ አለኝ። የቱን ክር እንደሚወድ አልነገረኝም እማማ፤ አፍታም አልሰጡትም። እኔ ጠያቂ የለኝም፣ ቤተሰቦቼ ሩቅ አገር ናቸው። በማግስቱ ውሃው ሲገባ እናቴ የምታጥነው እንስራ ሸተተኝ። አንድ ነበር መቋጠር የነበረብኝ። አለቀስኩና ሁለቴ ቋጠርኩ።"

በጥፊ መታሁት። አልክድም፣ ያን ከሞት የወጣ ልጅ በጥፊ አልኩት። ፊቱን አልከለለም። "ውሃዎ ባይኖር ግማሻችን አልቀን ነበር" አለኝ፣ ያጽናናኝ መስሎት። "የታመመ ሲኖር ለሱ እየተውን፣ በጉንጭ በጉንጭ እየተካፈልን..."

"የኔ ልጅስ?" አልኩት። "የኔስ?" እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

ኡኡ ልል አፌን ስከፍት ተንበርክኮ እግሬን ያዘ። "እማማ፣ በፈጠረዎት ድምፅ አያሰሙ! የውስጡን ላልናገር ፈርሜ ነው የወጣሁት። ነገም ስንቅ ይዘው ካልሄዱ ማን ነገራት ይላሉ፤ ዛሬ የወጣሁት እኔ ነኝ።" እናት ለልጇ እንዳታለቅስ! ነጠላዬን ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጀዊሪያ እንደ ልማዷ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች፤ የልጁን ሁኔታ፣ የኔን አፍ፣ ክሩን አየች። መጥታ በላዬ ላይ ወደቀችና ሁለታችን እንደ ዲዳ ያለ ድምፅ አለቀስን። "እኔ ነኝ ሰፈር ለሰፈር የዞርኩት" ትላለች በጆሮዬ፣ "እኔ ነኝ እልል ያልኩበት፣ አላህ ምላሴን ይቁረጠው።"

ቡሽራ ከሄደ በኋላ ጣሳውን ገለበጥኩት። ሁሉም ቀይ። ሁሉም የቡሽራ እጅ። ከልጄ እጅ የቀረ አንዲት ቋጠሮ ፈለግሁ፤ አንዲት፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል። የታለች? ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ‘እማዬ አለሁ’ ብሎ የላከልኝን በየማታው በገዛ ጥርሴ እየፈታሁ ጥዬዋለሁ! የሰው ልጅ ቋጠሮ ጣሳ ሙሉ አስቀምጬ የልጄን አንዷን አላስቀረሁም። ከመሳቢያው ሥር ያቺን ጥቁር ክር አገኘኋት፤ የለሰለሰች፣ ቀጥ ያለች፣ ምንም የሌለባት።

ጠዋት ተነሣሁ። ከቁም ሣጥኑ አዲሱን ሻማ አውጥቼ ማጣሪያው ውስጥ አቆምኩት። ውሃው ጠብ ጠብ እስኪል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጀዊሪያ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ቀን ስለ ውሃ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ኮዳውን ሞላሁ፣ ጥቁሯን ክር አሰርኩበት፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጥቁር ሳልለብስ፣ እንደ ወትሮዬ ነጭ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ተራዬ ሲደርስ አብዮት ጥበቃው ክዳኑን ከፍቶ አቀበለኝ። "ቅመሺ" አለ።

ቀመስኩ። ጢስ የለውም። ልጄ አሸናፊው ይሄ ነው ያለው ውሃ ነው። ከነእንባዬ ዋጥኩት።

"ለማን ነው?"

"ለጉልላት ታረቀኝ።"

ቀና ብሎም አላየኝ። ኮዳውን ከሌላው ስንቅ ጋር ደረደረው። "እሺ፣ እንሰጠዋለን። ልጅሽ ደህና ነው፣ አታስቢ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።